የባንክስተኖች ሠርግ እና የተዘጋው ሰማይ

ሃርገን ከተማ ውስጥ የኮሌጁ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ሰው አያገባም። መሞትስ ይሞታል፤ እሱ በሰው እጅ ስላልሆነ ማንም አይቀየምም፤ ቀብሩ ግን ወደ ሰኞ ይገፋል። ሟቹም የሃርገን ሰው ከሆነ ነገሩ ይገባዋል። ሠርግ የሚደገሰው ቡድኑ በሚያርፍበት፣ ካልሆነም ሌላ ከተማ ሄዶ በሚጫወትበት ሳምንት ነው። ሮይስ ባንክስተንም ሴት ልጁን ኬንድልን ሊድር ቀን ሲቆርጥ ያየው የጨዋታ መርሐ ግብር ነበር። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ቀበሮዎቹ፣ ማለትም የኮሌጁ ቡድን፣ የሚያርፉባት አንዲት ቅዳሜ ነበረች። እሷን ያዘ።

ከዚያ በባሕሩ ጠረፍ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ሃርገን አልደረሰም፤ በመስከረም ሊመጣ የነበረውን እንግዳ ቡድን ግን ከነአውቶቡሱ ባለበት አስቀረው። ኮሌጁ ጨዋታውን አንሥቶ ባዶዋ ቅዳሜ ላይ ጣለው። ሮይስ ሠርጉን እንዳያዛውር የሙሽራው ዘመዶች ከሚኒሶታ ትኬት ቆርጠዋል፤ ለጥብስ የሚሆኑት አሳማዎችም ታዝዘዋል። እንዳይተወው ደግሞ ሙሽራይቱ አለች። ስለዚህ በሃርገን ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ሊሆን ሆነ፤ ጨዋታው ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሠርጉ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአንድ ቀን።

ኦሌታ ፕሩት ወሬውን የሰማችው በረዶ የበሳሳውን የአንድ ሰው ጣሪያ ለኢንሹራንስ ፎቶ ስታነሣ ነው። እሷ መሬት ላይ ቆማለች፤ ጣሪያው ላይ ያለው ድሮኗ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቶቿ ከእሷ ቀድመው አርጅተዋል። ሳምንቱን ጣሪያ፣ ቅዳሜን ሠርግ እያነሣች ትኖራለች። የባንክስተኖችን ሠርግም ከላይ ልታነሣ ቃል ገብታ ነበር።

ሕጉን እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ታውቀዋለች። ሠላሳ ሺህና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ትልልቆቹ ኮሌጆች ሲጫወቱ፣ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሰማዩ ይዘጋል፤ ካለቀም በኋላ አንድ ሰዓት እስኪሞላ አይከፈትም። ሜዳውን ከቦ በሁሉም አቅጣጫ ሦስት ማይል ድረስ ድሮን የተባለ ነገር አይነሣም። ማይሉም የባሕር ማይል ነው፤ ከመሬቱ ይረዝማል። ሃርገን ከባሕር የአምስት ሰዓት መንገድ እንደምትርቅ የጠየቀ የለም።

አምና አንድ ጊዜ ተሳስታለች። መብረቅ ጨዋታውን አቋርጦት ነበር፤ እሷ ግን ማለቅ በነበረበት ሰዓት እንዳለቀ ቆጥራ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ድሮን አወጣች። ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከተደገመ ፈቃዷ ይነጠቃል። ፈቃዱ ከሄደ የሚቀራት መሰላል ነው። መሰላል የሚወጣ ጉልበት ደግሞ የላትም።

ረቡዕ ዕለት ለሮይስ ደወለችና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳችው። ሮይስ አብሯት የተማረ ነው፤ ያኔም አስተማሪ ሲያስረዳ መስኮት መስኮት ያይ ነበር። አዳምጦ ሲጨርስ፣ አትስጊ፣ እኔ ለክቼዋለሁ አላት። ከስታዲየሙ በር ተነሥቶ በጭነት መኪናው ሠርጉ እስከሚደረግበት እስከ ጎተራው ድረስ ነድቶ ነበር፤ ቆጣሪው አራት ማይል ብሏል። እንግዲህ ውጭ ነን ማለት ነው።

«ሮይስ» አለችው፣ «ድሮን በወፍጮው በኩል ዞሮ አይሄድም።»

«መንገዱ ትንሽ ይጠማዘዛል እንጂ...»

«በቀጥታ ሲለካ ሦስት ማይል አይሞላም። ውስጥ ናችሁ፤ ያውም ከነከብቶቻችሁ።»

እንግዲያው ከሰማዩ መዘጋት በፊት፣ በስድስት ሰዓት ላይ እናንሣ ብላ ሐሳብ አቀረበች። እሱም አልሆነም። በስድስት ሰዓት የሙሽራይቱ ፀጉር አልተሠራም፤ የእንግዳው እኩሌታ ደግሞ ያን ሰዓት ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ሥጋ እየጠበሰ ነው። የዓመት መግቢያ ትኬት ያለው ሰው ለሠርግ ብሎ ወንበሩን ባዶ አይተውም። ጨዋታው እንዳለቀ እንመጣለን ብለዋል፤ ስጦታውንም አስቀድመው ልከዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ።

የኬንድል ሐሳብ ግን ወንበሮቹ ነበሩ። ጎተራው አጠገብ፣ የፒካን ዛፎቹ መካከል ባለው መስክ ላይ ወንበሮቹን ሁሉ እንደ ሁለት የተጠላለፉ ቀለበቶች አድርጋ ደርድራቸዋለች። ሳምንቱን ሙሉ በገመድ እየለካች ስታንቀሳቅሳቸው ከረመች። ነገሩ የሚታየው ከላይ ብቻ ነው። ከመሬት ላይ ላየው ሰው ወንበር አራጋፊዎቹ ተጣልተው የሄዱ ነው የሚመስለው። የሚኒሶታ ሰዎችም ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው፣ መጨረሻ ላይ ጀርባቸውን ለመሠዊያው ሰጥተው ተቀመጡ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ። ፓስተር ኤልበርት አንድ ጆሯቸውን ለእግዜር፣ አንዱን ደግሞ ለኳሱ ሰጥተው ነበር፤ በግራ ጆሯቸው ትንሽ ማዳመጫ ሸጉጠዋል። «ሞት እስኪለያችሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ዝም አሉ። የሚኒሶታዎቹ ምን ያለ ጥልቅ ሰው ነው ብለው ልባቸው ተነካ። ሰውዬው የሰሙት እንግዳው ቡድን ነጥቡን እኩል ማድረጉን ነው።

ኦሌታ እንደ ማንም ፎቶ አንሺ በእግሯ እየዞረች አነሣች። ድሮኑ ከነሣጥኑ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሮይስ ሦስት ጊዜ መጣባት። መጀመሪያ በቀልድ ነው፤ ሰማዩን ማን ገዛው አላት። ሁለተኛው ላይ ቅጣቱን እኔ እችላለሁ አለ። ቅጣቱ አይደለም፣ ፈቃዱ ነው አለችው። ሦስተኛው ጊዜ ቀልዱ አልቆበት ነበር።

«አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ» አለ። «ዓይኑ ሁሉ ኳሱ ላይ ነው። ማን ቀና ይላል?»

«ቀና የሚል ሰው አይደለም፣ መሣሪያ ነው። ድሮኑ ሲነሣ ያለበትን ራሱ ለፖሊስ ይናገራል፤ እኔ የቆምኩበትን ሣር ሳይቀር።»

«የገዛ ዕቃሽ ያሳብቅብሻል?»

«ያሳብቃል።»

«ከእንደዚህ ያለ ዕቃ ጋር አልኖርም ነበር» ብሎ ወደ ሥጋው ሄደ።

መደበኛው ጨዋታ በእኩል ነጥብ ተጠናቆ ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። ፀሐይዋ የፒካኖቹን ጫፍ ነክታለች። ኬንድል የቀሚሷን ጫፍ በክንዷ ሰብስባ፣ በሌላው እጇ ጫማዋን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር፤ ኦሌታ ከሚያለቅሱ ሙሽሮች ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች።

«ሚስ ኦሌታ» አለቻት፣ «ባዶ ወንበር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ባይኖርበትም ግድ የለኝም። ቀለበት መሆኑን አንድ ሰው ቢያይልኝ ብዬ ነው። እናቴ እንኳ መተላለፊያ ነው ብላ አራቱን ወንበር አነሣችብኝ።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ወንበሮቹ የሰው ናቸው። ማታ ይወስዷቸዋል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ደቂቃ ብቻ። ዐይቼው ልተወው።»

ኦሌታ ጎንበስ ብላ ሣጥኑን ከፈተች። በኋላ ስታስበው ልጅቷ አሳዝናት ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞክራለች፤ አልሆነላትም። ደክሟት ነበር። እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ የዕለቱን ጉልበቷን ደግሞ ሮይስ ጨርሶታል። ምንጣፏን ሣሩ ላይ ዘረጋች፣ ባትሪ አስገባች፣ ክንፎቹን ዘረጋጋች። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን መቆጣጠሪያው ላይ አሳረፈች።

«ጨዋታው ቆመ» አሉ ፓስተር ኤልበርት ከወዲያ ማዶ፣ መድረክ ላይ በሚታወቁበት ድምፅ። ሥጋ የሚያነሣው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። «ሜዳው ላይ ድሮን ገብቷል አሉ። ቀበሮዎቹ ነጥብ ለማግባት አምስት ያርድ ሲቀራቸው።»

መስኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ኦሌታን አየ።

እሷም ድሮኗን አየች። እፊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ንጹሕ ሰው ብልጭ ብልጭ ይላል። አውራ ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሣች። ባትሪውን ለማውጣት ጎንበስ አለች፤ ሳታወጣው ግን የፖሊስ መኪና ሣሩን ይዞ ገባ።

ታነር ነው። የወፍጮው መገንጠያ ላይ ተመድቦ ከምሳ ጀምሮ ሰማይ ሲጠብቅ የዋለ ወጣት ፖሊስ ነው፤ በሕይወቱ ያመለጠው የመጀመሪያው የሜዳ ጨዋታ ይህ ነበር። ሁኔታው ፊቱ ላይ ይነበባል። ምንጣፉን አየ፣ የተዘረጉትን ክንፎች አየ፣ መብራቱን አየ።

«ሚስ ኦሌታ፣ እባክዎ እርስዎ እንዳይሆኑ» አለ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ይሄ ለምን ተዘረጋ?»

ኦሌታ የአምናው ማስጠንቀቂያ እሱ ዘንድ እንዳለ ታውቃለች። ክንፉ የተዘረጋ ድሮን ይዞ የተገኘ ሰው ሌባ ጣቱ ማር ውስጥ ተይዞ ንብ ላባርር ነው እንደሚል ነው።

ሮይስ የሥጋ መጥበሻውን ሹካ እንደያዘ መጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ፓስተሩም፣ ሚኒሶታም።

«ታነር፣ ስማኝ» አለ። «ሦስት ጊዜ ለመንኳት። በቀልድም፣ በገንዘብም፣ በስድብም። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለችኝ። ዕቃው ከምንጣፉ አልተነሣም። ልጄ እንደምን ያለ ነገር እንደሆነ ልታይ ፈልጋ ነው የዘረጋችላት። አይደል፣ ኬንድል?»

ኬንድል ጫማዋን አየች።

«እንዴት እንደሚከፈት ልታሳየኝ ነበር» አለች።

«ፓስተር፣ ሲነሣ አይተዋል?» አለ ታነር።

ፓስተር ኤልበርት አላየሁም ብለው መለሱ፤ እውነታቸውን ነበር፤ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያዩት ነገር የለም። ታነር ጎንበስ ብሎ መቆጣጠሪያውን አገላብጦ ተመለከተ። የዛሬ በረራ የሚባል ነገር ማያው ላይ የለም። በዚያው የሬዲዮው ድምፅ መጣ፤ አብራሪው ተይዟል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ደጋፊ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የማርሽ ባንዱን ሊቀርጽ ነው። ታነር ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ።

«ባትሪውን ያውጡት፣ ሚስ ኦሌታ» አለ። ከዚያ ወደ ፓስተሩ ዞሮ፣ «ቀጠሉ? ስንት ለስንት ነው?» አለ።

ቀበሮዎቹ በሦስተኛው ጭማሪ አሸነፉ። መስኩ ላይ ጩኸት ሆነ፤ ሚኒሶታዎቹም ጩኸቱ የሠርጉ ወግ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። ኦሌታ ፓስተሩን በትክክል መቼ አለቀ ብላ ጠየቀቻቸው፤ በሰዓታቸው አሳዩዋት። አንድ ሰዓት ቆጠረች። ማንንም ስለማታምን ሩብ ሰዓት ጨመረችበት። ያን ጊዜ መሽቶ ነበር።

«አሁን ተከፍቷል» አለቻት ኬንድልን፣ «ግን የሚታይ ነገር የለም።»

«ይነሣ» አለች ኬንድል።

ድሮኑ መብራቱን አብርቶ ተነሣ። ሰው የሌለበት መስክ ዳር ላይ ቆመ። ሁለቱ ማያው ላይ አጎነበሱ። ወንበር የለም፣ ቀለበት የለም፤ ጥቁር ነው። የጎተራው መብራት አንዲት ቢጫ ነጥብ ሆና ትታያለች። ከማዶ ደግሞ ከስታዲየሙ ጀምሮ በወፍጮው በኩል ተጠማዝዞ ወደ እነሱ የሚመጣ ረጅም የመኪና መብራት ሰልፍ አለ፤ በወንበሮቻቸው ላይ ሊቀመጡ የሚመጡት እንግዶች ናቸው። ኦሌታ አነሣችው።

ሮይስ ከኋላ መጥቶ አንገቱን አሰገገ። «የከፈልኩት ለሠርግ ነው» አለ፣ «የሰጠሽኝ የመንገድ መጨናነቅ ነው።»

እሱ ሲሄድ ኬንድል ወደ ኦሌታ ጠጋ አለች።

«ለአባባ አልነገርኩትም» አለች፣ መቆጣጠሪያው ላይ ያረፉትን የኦሌታን አውራ ጣቶች እያየች።

«ምኑን?»

«ምንም» አለች ኬንድል።

ኦሌታ ድሮኑን አውርዳ ክንፎቹን አጣጥፋ ሣጥኑ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ለመቆም የሚይዛት ሰው ፈለገች፤ ሙሽራይቱ በክንዷ ደግፋ አነሣቻት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ግቢ ሲገቡ ሁለቱ ዳር ቆመው አሳለፏቸው።