አምስተኛው ቦታ

ባንችይርጋ የወረወረቻቸው ሁለት ቁልፎች የእንግዳ ተቀባዮች ማኅበሩን ቢሮ ኮምፒውተር መቱት። አንደኛው ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ሌላው ተንሸራቶ በማኅበሩ ጸሐፊ በቃለሕይወት እግር ሥር ወደቀ። በስልክ እየተነጋገረ ነበር፤ "መልሼ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው።

"እትዬ ባንችይርጋ፣ ደኅና አደሩ?"

"አላደርኩም። ክፍሎቹን የሠራቸው ማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩ ይጠብቃቸው። እኔ ገብሴን ልጠብቅ። ገብስ እመጣለሁ ብሎ አይቀርም።"

ከገነተ ማርያም ላሊበላ የመጣችው በሌሊት የተነሳ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ነው። ነጠላዋም ቅንድቧም አቧራ ለብሷል። ቃለሕይወት ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

"ሦስቱ ሰዎች ትናንት አልመጡም?"

"መጡ እንጂ። በሹፌሩ በደባሱ መኪና መጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አዩ፣ በደባሱ መኪና ተመለሱ። እኔ ምስር ወጤን ከድኜ፣ ብርድ ልብሱን ፀሐይ አስመትቼ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከወንዝ አምጥቼ ደጅ ቆሜያለሁ። በፊቴ ነው ያለፉት። አንደኛዋ እጇን አውለበለበችልኝ።"

የመጨረሻውን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ቃለሕይወት ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ቁልፍ አነሳ። ሰዎቹ በስልክ ገነተ ማርያም እንደሚያድሩና በድረ ገጹ እንደሚመዘገቡ ስለነገሩት፣ እሁድ ዕለት ደውሎ "ማክሰኞ ሦስት ሰዎች እርስዎ ዘንድ ያድራሉ" ያላት እሱ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ከከረመባቸው ዓመታት ወዲህ ሦስት እንግዳ ቀላል ቁጥር አልነበረም። ባንችይርጋ ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት አንዲት ጠባብ የገብስ ማሳ ናት፤ ሌላው ተስፋዋ ማኅበሩ ግቢዋ ውስጥ የሠራቸው እነዚህ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ለገና ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ቃለሕይወት የማኅበሩን ድረ ገጽ ከፍቶ የመጡትን መልእክቶች አንድ በአንድ አየ። የሰዎቹን ስም ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ።

"መኪና የሚለው ገጽ ላይ ነው የሞሉት።"

"ምን ማለት ነው?"

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አምስት ቃላት ተደርድረዋል፦ አስጎብኚ፣ በቅሎ፣ ማረፊያ፣ ምግብ፣ መኪና። ሜኑ የሚሉት ይህ ነው፤ እንግዳው ከአምስቱ የፈለገውን ሲነካ ወደዚያ ገጽ ይወስደዋል። ማረፊያ ሦስተኛ ነው። ሲነካው የባንችይርጋ ክፍሎች ፎቶ ወጣ። እዚህ ገጽ አናት ላይ ግን ቃላቱ ቦታ ተቀያይረዋል። ማረፊያ አንደኛ ሆኗል፤ ሦስተኛው መኪና ነው።

"ሰዎቹ ክፍሎችዎን አይተው ወደዱ። ከዚያ ሊመዘገቡ ሲሉ፣ ቅጹ ሌላ ቦታ ያለ መስሏቸው፣ ማረፊያ ሦስተኛ ነው ብሎ እጃቸው ለምዷልና እንደገና ሦስተኛውን ነኩ። ቅጹ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቀን፣ የሰው ብዛት፣ ቦታ። ሞልተው ላኩ፤ ለደባሱ ደረሰው።"

ባንችይርጋ አምስቱን ቃላት ትክ ብላ አየቻቸው።

"ማን ነው እንዲህ ያዞራቸው?"

ቃለሕይወት ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ መለሰው።

"አንተ ልጅ፣ ማን አዞራቸው አልኩህ።"

"እኔ ነኝ።"

እንዲዞሩ የወሰነው ጠቅላላ ጉባኤው ነበር፣ ከስምንት ወር በፊት። ሊቀመንበሩ አቶ አድማሴ "በድረ ገጹም እንደ በቅሎው ተራው ይዙር" አሉ። በበቅሎ መቆሚያው የትናንቱ ፊተኛ የዛሬ ኋለኛ ነው፤ ማንም ሁልጊዜ ፊት አይቆምም። ስለዚህ በየገጹ ሌላ ሌላ ሰው አንደኛ እንዲሆን ተስማሙ። ቃለሕይወት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሌላ ነበር፤ ሜኑ በሁሉም ገጽ አንድ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ለስለስ አድርጎ ተናግሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ተወው። ቃለ ጉባኤው ላይ "ፍትሐዊ ስለሆነ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ የጻፈውም ራሱ ነው። አሁን ያ ዓረፍተ ነገር ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ ጋለ።

ስልኩን አነሳና ለአቶ አድማሴ ደወለ። "አሁን ይምጡ። ደባሱንም ይዘውት ይምጡ" አለ። "እባክዎ" ማለት መርሳቱ የታወቀው ስልኩን ከዘጋው በኋላ ነው።

ሁለቱ በደባሱ መኪና መጡ። ደባሱ ገና በሩ ላይ ሳለ ፈገግ አለ።

"እትዬ ባንችይርጋ፣ ገብሱ ሳይታጨድ ከተማ ምን ይሠራሉ?"

"ገብሱስ ደርሷል። ያልደረሰው እንግዳዬ ነው።"

"እኔ ምን አጠፋሁ? መልእክቱ ገነተ ማርያም፣ ሦስት ሰው፣ ማክሰኞ ይላል። አደረስኳቸው። አመሻሽ ላይ የት ነው የምናድረው ሲሉኝ ግራ ገባኝና ሆቴል ወሰድኳቸው።"

"በፊቴ ስታልፍስ ግራ አልገባህም? ነጭ ነጠላ ለብሼ መንገድ ዳር የቆምኩት ፍየል ልጠብቅ መስሎህ ነው?"

የደባሱ ፈገግታ ጠፋ። "ፍሬን መያዝ ነበረብኝ" አለ ወለሉን እያየ።

አቶ አድማሴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ። "ጥፋቱ የሰዎቹ ነው። ሰው ሳያነብ ይነካል?"

"ጥፋቱ የእኛ ነው" አለ ቃለሕይወት። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። "አያ አድማሴ፣ የቅዳሜ ገበያ እህል ተራው የት ነው?"

"አሁን ይህ ምን ይጠየቃል? ከታች ነዋ።"

"በግ ተራውስ?"

"ከላይ፣ ከአጥሩ ጥግ።"

"ለፍትሕ ሲባል በየሳምንቱ ቦታ ቢለዋወጡስ? ከኩልመስክ እህል ጭኖ የመጣ ሰው በጎች መሃል ያራግፋል። ከዚያ እርስዎ ጥፋቱ የሰውዬው ነው ይሉታል?"

"ልጅ ቃለሕይወት፣ ቀስ በል።"

"ስምንት ወር ቀስ ብያለሁ። ቀስ ማለቴ ነው እትዬን ደጅ ያስቆማቸው።"

አቶ አድማሴ ግን አልጮኹበትም።

"እኔ ይህን ተራ ያመጣሁት ሁለት ወንድማማቾች በአንድ እንግዳ ተጣልተው በዱላ ተፈናክተው ነው" አሉ። "አንደኛው እስከ ዛሬ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ፊተኛ ሁልጊዜ ፊተኛ ከሆነ ኋለኛው ዱላ ያነሳል። አሁን ማንን ነው ለዘላለም ፊት የምታቆምልን? አንተ ልትሾም ነው?"

"በዕጣ ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ከዚያ በሁሉም ገጽ ላይ ያው ነው፤ አይነካም።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

በበቅሎ መቆሚያው ዕጣ የሚጣለው እያንዳንዱ የራሱን ነገር ጨምሮ ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። አቶ አድማሴ ለበቅሎ የጅራፍ ቁራጭ ጣሉ። ደባሱ ለመኪና አንድ ብሎን። ቃለሕይወት ለአስጎብኚና ለምግብ የእስክሪብቶ ክዳንና የታጠፈ ወረቀት ጨመረ። ባንችይርጋ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ አንዲት ባቄላ አገኘችና ጣለች። ከጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነጅሚያ ተጠራች።

"ሰው ሥራ ፈቶ ቁማር ጀመረ?" አለች ነጅሚያ እጇን እየጠረገች።

"አውጪ፣ አትዪ" አሉ አቶ አድማሴ።

ፊቷን አዙራ አወጣች። ወረቀቱ፣ ብሎኑ፣ ጅራፉ፣ ክዳኑ። ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው ባቄላዋ ነበረች።

ቃለሕይወት ባቄላዋን አይቶ ሆዱ ባባ። "ባቄላ ትንሽ ናት፣ ለእጅ አትመችም። ይደገም" አለ።

"አይደገምም" አለች ባንችይርጋ።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የተጎዱት።"

"ስለተጎዳሁ ነው። እኔን አሁን ለማስደሰት ብለህ ከደገምከው፣ ነገ ደባሱን ለማስደሰት ትደግመዋለህ። አንደኛ አድርጋችሁኝ ነበር፤ ማን አገኘኝ? አምስተኛ ነኝ። ሁልጊዜ አምስተኛ አድርገኝ።"

ደባሱ ሁለተኛ በመውጣቱ ደስ ሊለው ሲል ፊቷን አየና አንገቱን ደፋ።

ቃለሕይወት ሥራውን እዚያው ጀመረ። ስድስት ገጽ ነበር፤ በየገጹ ለብቻው የተጻፈ ስድስት ሜኑ። አንዱን በዕጣው መሠረት አስተካከለና ሌሎቹን አምስቱን አጠፋቸው፤ ሁሉም ገጽ ከዚያ ከአንዱ ብቻ እንዲያነብ አደረገ። ከዛሬ ወዲያ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ተራ ላዙር የሚል ቢመጣ የሚዞር ነገር አያገኝም። ቃለ ጉባኤውን አወጣና "ፍትሐዊ" የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ሠረዛት፤ ከጎኗ ፈረመ። አቶ አድማሴም ፈረሙ።

"ይሞክሩት" አለና ስልኩን ለባንችይርጋ ሰጣት።

አመነችው ማለት አይደለም። በአውራ ጣቷ አምስተኛውን ነካች፤ ክፍሎቿ ወጡ። ወደ ምግብ ሄደች፤ አምስተኛውን ነካች፤ ክፍሎቿ ወጡ። በበቅሎ ገባች፣ በአስጎብኚ ገባች። መጨረሻ ላይ መኪና የሚለውን ከፍታ ደባሱን ቀና ብላ አየችውና አምስተኛውን ጫን አድርጋ ነካችው። ትናንት ፀሐይ ያስመታችው የትልቁ ክፍል ቀይ ብርድ ልብስ በፎቶ ወጣ።

ስልኩን መለሰችለት። ውጭ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ወደ ገነተ ማርያም ሊመለስ ነው።

"ለገና ክፍሎቹን ይጠብቃሉ ታዲያ?" አለ ቃለሕይወት ሁለቱን ቁልፎች ወደ እሷ እየገፋ።

ባንችይርጋ የትንሹን ክፍል ቁልፍ አነሳችና ከባቄላዋ ጋር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። የትልቁን ነካ አድርጋ ተወችው።

"ይህ እዚህ ይደር" አለች። "አንድ ሰው እንኳ ፈልጎኝ ደጄ ሲደርስ ትልክልኛለህ።"