የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ

ሙሉነሽ ያን ያደረገችው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ለሲምቦ ግን ምንም ለውጥ አላመጣላትም።

ሙሉነሽ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የጎረቤት አገር ወደብ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ ማዳም ሱሪያ ቤት፣ አሥራ አንድ ዓመት ምግብ አብስላለች። ሲምቦ ደግሞ አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወርዳ ልብስ አጣቢ ሆና የገባች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ሁለቱ የሚያድሩት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሲምቦ በፊት የነበረችው አጣቢ ሳንባዋን ታማ በተገኘች ቀን፣ አብራት ታድር ከነበረችው ሞግዚት ጋር ተባርራለች። የሁለቱንም ሻንጣ በር ላይ ያወጣችው ራሷ ሙሉነሽ ነበረች።

ስለዚህ ሲምቦ መሐረብ ላይ ደም ስትተፋ ስታያት የራሷ ሻንጣ በር ላይ ወጥቶ ታሰባት።

ማዳም ቤት ሠራተኛ ሲታመም ሐኪም ቤት አይሄድም። የማዳም ወንድም ዶክተር ዓብዱረዛቅ ከፈረንሳይ ሆኖ በኮምፒውተር ያየዋል። እሱ አማርኛ አይችልም፤ ሲምቦም ፈረንሳይኛ አትችልም። ማዳም የሲምቦን ሳል ሰምታ ኮምፒውተሩን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና ለሙሉነሽ ትታው ወጣች።

"እንዴት ነሽ ይልሻል" አለች ሙሉነሽ።

ሲምቦ ሐኪም ፊት ቀርባ አታውቅም። እናቷ እንዳሳደገቻት ሻሿን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሳቸውስ?" አለች።

ሙሉነሽ በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዋ "ደህና ነኝ ትላለች" አለችው። ዶክተሩ ፈገግ አለ። የማምለጫው መንገድ የተገለጠላት ያኔ ነው።

"ስታስል ደም አለው?" ሲል ጠየቀ፣ የልጅቷን ፊት ትኩር ብሎ እያየ። ሙሉነሽ መልሱን ብትለውጥ የሲምቦ ራስ መነቅነቅ ያጋልጣታል። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጠችው።

"ፈረንሳይኛ ትችያለሽ ወይ ይላል።"

ሲምቦ አፍራ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

"ላብ ያሰምጣታል? ክብደት ቀንሳለች?"

"ሥራሽን ትተሽ አገርሽ መግባት ትፈልጊያለሽ ወይ ይላል።"

ሲምቦ ደነገጠች። "ኧረ በፍጹም" አለች፤ ከበፊቱ አብልጣ ራሷን ወዘወዘች። ዶክተሩ በዓይኑ አይቶ አመነ፤ የሳል ሽሮፕ አዝዞላት ተሰናበተ።

"ምን አለ፣ እትዬ?"

"ጉንፋን ነው አለ።"

"እኔ እኮ ክፉ በሽታ መስሎኝ ፈርቼ ነበር" አለች ሲምቦ፤ ጎንበስ ብላ የሙሉነሽን እጅ ሳመች። ሙሉነሽ እጇን አልሰበሰበችም።

ሁለት ወር አልሞላም። ሲምቦ እንዳጎነበሰች ልብስ ማጠቢያው ላይ ወደቀች፤ ሐኪም ቤት ስትደርስ ትንፋሽ አልነበራትም። ማታውኑ ዶክተሩ በኮምፒውተሩ ብቅ ብሎ ለእህቱ ሲነግራት ሙሉነሽ ከበሩ ጀርባ ሰማችው። ይህ የሳንባ በሽታ በስድስት ወር ኪኒን ይድናል፤ ልጅቷ አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ሳትባረር አሳክማት ነበር፣ ይል ነበር።

በማግስቱ ማዳም ስልኩን አምጥታ ሙሉነሽ እጅ ላይ አስቀመጠች። "ለእናቷ አንቺ ንገሪያት፤ ቋንቋውን የምትችዪው አንቺ ነሽ።"

ወዲያ ማዶ፣ ሙሉነሽን በልጇ ስልክ የምታውቃት የሲምቦ እናት፣ አበሩ፣ አነሳች።

"ሙሉነሽ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ልጄስ እንዴት ናት?"

ሙሉነሽ አፏን ከፈተች። ማዳም ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

"ደህና ነኝ ትላለች" አለች።