ደህና ነህ አሉኝ

«ምን ይዤ ልመለስ ከመቃብሯ ላይ፣
ሰገነት ለምልክት ልጅ ትታለች ወይ።»

አልቃሿ ይህን ስታወርድ ድንኳኑ ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ ደረቷን መታች፤ ከዚያም ዓይኑ ሁሉ ወደ አምሐ ዞረ። አምሐ የተላጨ ራሱን አቀርቅሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ሰገነት ከተቀበረች ሁለተኛ ቀን ነው። አሥር ዓመት አብረው ኖረው ልጅ አልወለዱም፤ የባሕር ዳር ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለቅሶ ላይ እንኳ አይረሳም። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ጓድ አምሐ፣ በርታ፤ ገና ጎልማሳ ነህ» ብሎት ሄዷል። ንፍሮ የሚያዞሩት ሴቶች መካን ሆና እንኳ እንዳልፈታት፣ እንዲህ ያለ ባል ከየትም እንደማይገኝ ይንሾካሾካሉ፤ ግን እሱ በሚሰማው ድምፅ ነው። የሰው ደግነት አንዳንዴ ከዱላ ይብሳል።

ከሰዓት በኋላ ሙሀመድዘይን መጣ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ «አላህ ያጥናህ» አለና አጠገቡ ተቀመጠ። ሴቶቹ ያንኑ ወሬ ሲደግሙት ሰማ። ወደ አምሐ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ነግረሃት ነበር?»

«አልነገርኋትም» አለ አምሐ።

ሙሀመድዘይን ተነሣ። ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

ነገሩ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም. ነው። ኩባዊው ሐኪም ሰገነትን መርምሮ በአስተርጓሚ እሷ እንከን እንደሌለባት፣ ባሏ መታየት እንዳለበት ነገራት። አምሐ የመንግሥት ጀልባ መካኒክ ነው፤ ማዕበል የማይፈራ ሰው አንዲት ብልቃጥ ፈራ። ሙሀመድዘይን ግን እንደ ደም ምርመራ ቀለል አድርጎ አስረዳው። አራት ቀን ከሚስቱ ተለይቶ ይቆያል፤ ዘሩን ጠብታ ሳያፈስ በብልቃጧ ይቀበላል፤ እንዳይበርድ በብብቱ ይዞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል። አምሐ ያን ቀን ብልቃጧን በብብቱ እንደያዘ፣ በመንገድ ያገኘውን ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ በአንድ እጁ እየጨበጠ ሆስፒታል ደረሰ።

ሙሀመድዘይን ጠብታዋን በቀጭን መስታወት ላይ አኑሮ በማይክሮስኮፑ አየ። ሌላ ጠብታ አኖረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲደግም አዘዘው፤ አምሐ ደገመ። ያኔ ራሱ እንዲያይ ከወንበሩ ተነሣለት። የሌላ ሰው ቢሆን ዘሩ ጅራቱን እያወዛወዘ ሲርመሰመስ ይታይ እንደነበር ነገረው። አምሐ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ብርሃን ብቻ ነበር፤ ማንም ያልቀዘፈበት የጠዋት ሐይቅ ይመስላል።

«ጥፋት አይደለም» አለው ሙሀመድዘይን ውጤቱን እየጻፈ። «ለሚስትህ ግን ንገራት። በከንቱ እንዳትንከራተት።»

አምሐ ወረቀቱን ቀዳዶ ጣና ውስጥ ጣለው። ቤቱ ሲደርስ ሰገነት በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ምን አሉህ አለችው።

«ደህና ነህ አሉኝ።»

ዓይኗን ሲያይ አፈረ፤ ነገ እነግራታለሁ አለ በልቡ። ያ ነገ ሰባት ዓመት ሆነ።

ሁለታችንም ደህና ከሆንን እንግዲህ ዓይነ ጥላ ነው፣ አለች ሰገነት። ጸበል ገባች፣ ክታብ አሰረች፤ በጣና ዳር ከቁንዝላ እስከ ደልጊ ሥር ያውቃል የተባለ ሰው ሁሉ ዘንድ ተመላለሰች። የሚያመላልሳትም አምሐ ራሱ ነበር። በሽታው የእሱ መሆኑን እያወቀ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ነፋስ እንዳይመታት ጋቢውን ደርቦላት ይወስዳታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ደበቀ፣ መድኃኒቱን የጠጣችው ግን እሷ ሆነች። ባለፈው እሑድ ከደልጊ ያመጣችውን ሥር በጥብጣ እስከ አተላው ጨለጠችው። «ይኼኛው ይይዝልኛል» አለችው ዋንጫውን እያስቀመጠች። እስከ ማክሰኞ አስመለሳት፤ ማክሰኞ ሞተች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰልስቱ ጸሎት መልስ፣ የሰገነት እናት ወይዘሮ የብርጓል አምሐን ወደ ጓዳ አስጠሩት። ከቁንዝላ ለቀብሩ የመጡ ናቸው። ሲገባ ክው አለ። አሮጊቷ ከጓሮ ያነሡትን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ካላነሣለት አይወርድም።

«አምሐ ልጄ» አሉ፤ «ልጄ ዘር ነስታህ ሄደች። ካህናቱ ቢጸልዩላትም አንተ ይቅር ካላልሃት ነፍሷ አታርፍም። ስለ እመቤታችን ብለህ ይቅር በልልኝ።»

ቀላሉ መንገድ ወዲያው ታየው። ድንጋዩን አንሥቶ አንድ ቃል ቢል ሁሉም ያልቃል፤ እኚህ ሴት «ልጄ» እያሉት ይኖራሉ። በዚህ ዓለም ልጄ የሚለው ሌላ ሰው አልቀረውም። ሰገነት ግን መካን ተብላ ትቀራለች። የሞተ ተጎዳ። እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን አነሣው።

ይቅር የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ድንጋዩን በገዛ ማጅራቱ ላይ ጫነና እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ሰገነት ምንም አልነበረባትም። ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ መርምረው ነግረውኛል። ደህና ነህ አሉኝ ብዬ ዋሸኋት። ያን ሥር ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

ከድንኳኑ የአልቃሿ ድምፅ ይሰማል፤ ያንኑ ግጥም እየደገመች ነው። ወይዘሮ የብርጓል ከጎነበሱበት ቀና አሉ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሰባት ዓመት ሆነኝ።»

«በፋሲካ እኔ ራሴ መካን ብዬ ስሰድባት፣ እዚሁ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርሁ።»

አሮጊቷ ሊያለቅሱ ሞከሩ፤ እንባ እምቢ አላቸው። ድንጋዩ ከአምሐ ማጅራት ወደ ጎን ተንሸራተተ። እጃቸውን ዘረጉ። ሊያነሡለት መሰለውና ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው ግን ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳይወድቅ አድርገው ማጅራቱ ላይ መልሰው አስተካከሉት። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ድንኳኑ ወጡ።

ጥቂት ቆይቶ አልቃሿ ግጥሙን መሃል ላይ አቋረጠች። አምሐ ከተንበረከከበት አልተነሣም፤ ድንጋዩ ዳግም እንዳይንሸራተት በእጁ ደገፈው።