ከሞያሌ ወዲያ

ደግነት የሚባል የአገሬ ልጅ ለጋብቻ ጠይቆኝ እምቢ አልኩት። እሱም ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ፎቶዬን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈና «ይህቺ ሌባ ናት፣ ተጠንቀቁ» ብሎ ጻፈበት። እኔ ወናጎ ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። ሌባ የተባለች ሴት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ ፀጉሯን የምትሠራ ማን አለች?

እየነደድኩ ዲላ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ትሁት ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ልጁ ያለው ጆሃንስበርግ፣ የለጠፈበት ገጽ ድርጅት ያለው አሜሪካ» አለኝ። «የእኔ ሥልጣን ሞያሌ ላይ ያበቃል፣ እህቴ።»

አባቴ ጉዳዩን ወደ ሶንጎ፣ ወደ ጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ወሰደው። በሆዴ ሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ኢንተርኔት ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት «የማን ልጅ ነው?» ብቻ ነው።

«የዘነበ።»

«ታዲያ ምኑ ይርቃል?»

ዘነበ ራሱ እዚያው ተቀምጦ ነበርና በቪዲዮ ደወለለት። ደግነት ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ ብቅ አለ።

«ቁም!» አሉት ትልቁ ሽማግሌ። «ሶንጎ ፊት ተከሳሽ ተቀምጦ አይናገርም።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ያለሁት...»

«የት እንዳለህ አልጠየቅንህም።»

ተነሳ። ኮፍያውንም አወለቀ። እንደቆመ ጽሑፉን አጠፋና በምትኩ «ዋሽቻለሁ፣ ሩሃማን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ለፖሊሱ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና «በቃ፣ ፋይሉን ዝጉት» አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሶንጎው መቼ ነው የሚቀመጠው?» አለኝ። «አንድ የይርጋጨፌ ልጅ አስቸግሮኛል፤ ያለው ዱባይ ነው።»