የሁሉንም ለኪ

በመኪና ምርመራ ጣቢያው ግቢ ሮሐ የጭስ መለኪያውን ዘንግ ከማርሚታው አፍ ከትታ ሹፌሩ ነዳጅ እንዲሰጡት በእጇ ምልክት ስታሳይ፣ አሮጌው ሚኒባስ አንድ ጊዜ አጓርቶ ጥቁር ጭሱን ዝናቡ ላይ ተፋው። ቁጥሩ በኮምፒውተሩ ላይ ሽቅብ ወጣ። ከተፈቀደው አለፈ፤ እጥፉም ላይ ደርሶ ቆመ።

ሹፌሩ ጋሽ ኡርጌሳ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ከሃያ ዓመት በላይ ከዊንጌት ጳውሎስ ሆስፒታል ሕመምተኛና አስታማሚ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሮሐም ተማሪ ሳለች በዚሁ መኪና ተሳፍራለች። ስለዚህ የምርመራውን ወረቀት ስትሰጣቸው ፊታቸውን ማየት አልሆነላትም። የናፍጣ ፖምፓው እስኪሠራ ድረስ የዓመቱን ቦሎ እንደማያገኙ፣ በአዲሱ ደንብ ደግሞ ክፍያው እንደ ድሮው በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በሚያወጣው ጭስ ልክ መሆኑን አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው።

ጋሽ ኡርጌሳ አልተቆጡም። ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው ከኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ይሁን። ጭሱ የእኔ ነው፤ እከፍላለሁ» አሉ። «ብቻ ልጄ፣ የሁሉንም ለኪ።»

መካኒካቸውን ሊጠብቁ መኪናቸውን ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱት። ንግግራቸው ግን ከሮሐ ጋር ቀረ። እሳቸው አያውቁም እንጂ፣ አምና በዚህ ወቅት እሷ የሁሉንም አልለካችም።

አምና ከድንጋይ ካባ የሚያመላልሱ ሦስት ገልባጭ መኪናዎች መጥተው ነበር። የምርመራ ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሲላስ የራሳቸውን አዲስ የቤት መኪና አስነሱና፣ ዘንጉን እዚያ እንድትከት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የገልባጮቹን ታርጋ እንድትጽፍ ነገሯት። ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስት ጊዜ ፈረመች። ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ስብሐት እንቢ ብሎ ነበር ይባላል። አንድ ሰኞ ከሥራ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። የሥራ ልብሱ ለወራት ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከርሞ አንድ ቀን እሱም ጠፋ። ስብሐት የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም፤ ሁሉም መልሱን መስማት የሚፈራ ይመስል ነበር።

ዛሬም ስድስት ሰዓት ሲሆን እነዚያው ሦስት ገልባጮች ተከታትለው በበሩ ገቡ። ከፊታቸው በነጭ መኪና የመጣው የገልባጮቹ ባለቤት ጉዳይ አስፈጻሚ ኖህ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማውን ጭቃ የማይደፍረው ወጣት። ከአቶ ሲላስ ቢሮ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣና ወደ ሮሐ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ጃንጥላውን ከራሱ ላይ አንሥቶ እሷን አስጠለላት።

«እትዬ ሙሉ እንዴት ናቸው?» አላት።

ሮሐ የእናቷን ስም ነግራው አታውቅም።

«በፍልሰታ ቅዳሴ አያስታጉሉም አሉ። ብቻቸውን ነው አይደል የሚመላለሱት? ያቺ የቀጨኔ ቁልቁለት በዝናብ ጥሩ አይደለችም። ሰው ታዳልጣለች።»

ይህን ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ሄደ። ዝናቡ መልሶ አናቷ ላይ ወረደ።

አቶ ሲላስ የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ብቅ አሉ። መኪናውን አስነሥተው ሲወርዱ አላዩዋትም፤ እንደ አምናው እንድታደርግ ብቻ ነገሯት። ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል ስትቀር ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ።

ሮሐ ዘንጉን እንደያዘች ቆመች። የንጹሕ መኪና ቁጥር የተጻፈለት ገልባጭ ቦሎውን ያገኛል፤ የሚከፍለውም የንጹሕ መኪና ያህል ብቻ ነው። ጭሱ ግን የትም አይሄድም፤ እዚሁ ጉለሌ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ጋሽ ኡርጌሳ ሆስፒታል በር የሚያወርዷቸው ሰዎች ይምጉታል። ይህን አምናም ታውቅ ነበር። አምና ያላወቀችው ሌላ ነገር ነው። አንዴ ከፈረመች ፍርሃቱ የሚለቃት መስሏት ነበር። እሱ ግን እንደ ቦሎው ዓመት ጠብቆ የሚታደስ ሆኖ ተገኘ፤ ዘንድሮ ደግሞ እናቷን በስም ጠርቶ መጣ። ለከርሞስ ማንን ይጠራ ይሆን?

የመለኪያውን ገመድ እየጎተተች በአቶ ሲላስ መኪና አጠገብ አለፈች። ከመጀመሪያው ገልባጭ ኋላ ስትደርስ በርከክ ብላ ዘንጉን ከማርሚታው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሹፌሩን ሙንዲርን እንዲያስነሣው ጠየቀችው። ሙንዲር ጎልማሳ ሰው ነው፤ በመስኮቱ ወደ ኖህ አየ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አየ። ረጅም መስሎ የታያት ጊዜ ካለፈ በኋላ ቁልፉን አዞረው።

ጭሱ ግቢውን ሞላው። ቁጥሩ መለኪያው ሊያሳይ የሚችለው መጨረሻ ላይ ደርሶ ቆመ። ሮሐ ትክክለኛውን ታርጋ ጻፈችና መላኪያውን ተጫነች፤ አንዴ ወደ ትራንስፖርት ቢሮው ከሄደ የሚመልሰው የለም። አቶ ሲላስ ሞተሩ እየሠራ ባለው መኪናቸው ላይ ተደግፈው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሁለተኛውን ለካች። ሦስተኛውን ለካች። ጋሽ ኡርጌሳ ከጥጉ ሆነው በጉም በተሸፈነው መስታወታቸው ውስጥ ያያሉ፤ አልወረዱም።

ኖህ ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ሦስቱን ወረቀቶች በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ከዚያ ስልኩን ቀና አድርጎ እሷንም አነሣት። አመስግኗት ሄደ።

እናቷ ጋ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም። ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ ታክሲ ያዘች። መንገዱ ሁሉ ቆሞ የቀረ መሰላት፤ በየማቆሚያው ትደውላለች፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ቅዳሴ ላይ ስለሆኑ ነው ብላ ራሷን ታጽናናለች፤ መልሳ ደግሞ ስብሐትን ታስባለች።

ቀጨኔ መድኃኔዓለም ስትደርስ ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ ነበር። ነጠላው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት። በመጨረሻ እናቷን ከአጥሩ ሥር ጫማቸውን ሲያጠልቁ አገኘቻቸውና እንደ ሕፃን እጃቸውን ያዘች። እትዬ ሙሉ ልጃቸው በሥራ ሰዓት ለምን እንደመጣች ጠየቁ። ሮሐ እዚያው ቆማ፣ ከኖህ ጃንጥላ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው።

እናቷ ስለ ዛቻው አልጠየቁም። «አምናስ?» አሉ።

«አምና ፈርሜያለሁ።»

እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ አንሥተው ወደ መንገዱ አዩ። ያ ፊት መመለስ ሮሐን ከኖህ ቃል ይበልጥ ጎዳት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ክንዷን ያዙ፤ ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ጠባቡን መንገድ ሞልቶታል። ግማሽ ያህል እንደ ወረዱ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን እየያዘ። መብራቱ የሁለቱን ጥላ ከፊታቸው ጣለው። እትዬ ሙሉ የልጃቸውን ክንድ ለቀው በመንገዱ ዳር ባለው ግንብ በኩል ገፋ አደረጓትና እሳቸው በመንገዱ በኩል ሆኑ።

ሮሐ ቆመች። እናቷን በሁለት ትከሻቸው ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግንቡ መለሰቻቸው። ከዚያ የማንም ይሁን ብላ፣ አንገቷን ሳትደፋ ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረች።