የሰኔው ውጤት

ሐሚዳ የዶክተር መሐሪን ቢሮ አንኳኩታ ስትገባ ተቀመጪ እስክትባል እንኳ አልጠበቀችም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይቺ ፊርማ የእርስዎ ናት?»

የእሱ ነበረች። መሐሪ ቦሌ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ አግብተው ልጅ ያላገኙ ወንዶችን የሚያጠና ሐኪም ነው። ወረቀቱ ከሰባት ወር በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ ሃይደር ለሚባል ሶፋ ሠሪ የሰጠው የምርመራ ውጤት ነው፤ በናሙናው ውስጥ ስፐርም አልተገኘም ይላል።

«ሚስቱ ነኝ» አለች። «አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስንጠብቅ ኖረናል። አሁን የአራት ወር እርጉዝ ነኝ። ስነግረው በደስታ ያብዳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ይቺን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ ላይ ወረወራት። መመርመሩንም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሳሊተ ምሕረት እህቴ ጋ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ። ወላሂ ዶክተር፣ ከሱ ሌላ ወንድ አላውቅም!»

መሐሪ የታካሚውን ምስጢር ለሚስቱም ቢሆን ማውራት አይችልም። አንድ ነገር ግን ጠየቃት። «ከምርመራው በፊት አሞት ነበር እንዴ?»

«ታይፎይድ ይዞት ነበር፤ ግንቦትን አልጋ ላይ ነው የከረመው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ሲነድ ነበር።»

መሐሪ ወረቀቱን ስቦ ቀኑን እንደገና አየ። ከባድ ትኩሳት የወንድን ዘር ለሁለት ሦስት ወር ሊያጠፋው እንደሚችል ያውቃል፤ ተማሪዎቹንም ያስተምራል። የጥናቱን መጠይቅ ያዘጋጀው ራሱ ነው። ስለ ሲጋራ ጠይቋል፣ ስለ ጫት ጠይቋል፣ ስለ ሥራ ጠይቋል፤ ስለ ትኩሳት ግን አንድ መስመር የለም። ሃይደርን «በሦስት ወርህ ተመለስና ይደገም» ብሎት ነበር። ሲቀር ግን አልደወለለትም።

«መጀመሪያ እሱን ላናግረው» አላት። «አሁን ከዚህ በላይ ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ሃይደር ስልኩን ሁለት ጊዜ ጆሮው ላይ ዘጋበት። በማግስቱ መሐሪ ራሱ ቦሌ ሚካኤል ወዳለው የሃይደር ሶፋ መሥሪያ ሄደ። ሃይደር ሶፋ ላይ ጨርቅ ወጥሮ ሚስማር ይመታ ነበር። ሐኪሙን ሲያይ መዶሻውን ጣለና ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ወደ ውጭ ይዞት ወጣ።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ? ወንድ አይደለህም ብላችሁ ጽፋችሁ ሰጥታችሁኝ የለ?»

«እንደዚያ አልጻፍኩም። ግን መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅህ ነው የጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ትኩሳቱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስረዳው። «ስንመረምርህ ገና አላገገምክም ነበር። አንድ ጊዜ እንድገመው።»

ሃይደር አቀረቀረ።

«ውጤቱ ከተለወጠስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ሁሉ የተናገርኳትን የት አደርገዋለሁ?»

«ሐሙስ ጠዋት ና» አለው መሐሪ።

ሐሙስ ጠዋት ሃይደር መጥቶ ናሙና ሰጠና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ማዕዛ ናሙናው እስኪቀጥን ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። የሰኔውንም ያየችው እሷ ናት። መሐሪ ከኋላዋ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ዶክተር፣ ና ራስህ እየው» አለች ቀና ሳትል።

አየ። መስታወቱ ላይ ይተራመሳሉ፤ ዓይን አንዱን ሲከተል ሌላው ያቋርጠዋል። ማዕዛ ቆጥራ ስትጨርስ ቁጥሩ ከማንም ጤነኛ ወንድ የሚያንስ አልነበረም። መሐሪ ወንበር ስቦ ዘፍ አለ። ከሐሚዳ መምጣት ጀምሮ እንደልቡ ሲተነፍስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሃይደር ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ልጁ የኔ ነው ማለት ነው?»

«ልጅ መውለድ ትችላለህ ማለት ነው። ያ ወረቀት ሚስትህን የሚያስጠረጥር አይደለም። የቀረው የሷ ቃል ነው፤ እሷን ደግሞ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃታለህ።»

«ዋሽታኝ አታውቅም» አለ ሃይደር። «አንድም ቀን።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ብድግ አለና ቻው እንኳ ሳይል ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

መሐሪ የዚያኑ ቀን መጠይቁ ላይ የትኩሳቱን ጥያቄ አስገባ። እንደ ሃይደር አንዴ ብቻ የተመረመሩትን የሠላሳ አንድ ወንዶች ስም አውጥቶም በየተራ ይደውል ጀመር። አንዳንዱ አመሰገነው፣ አንዳንዱ ሰደበው። ዘጠኙ ለመምጣት ተቀጠሩ።

በሳምንቱ ሐሚዳ ደወለች።

«ታረቃችሁ?»

«ሦስት ቀን እህቴ ደጅ ተመላለሰ፤ አላስገባሁትም። በአራተኛው እህቴ ሀጀር አዘነችለትና በሩን ከፈተችለት።» ሳቀች። «ቤቴ ገብቻለሁ፣ ዶክተር። አሁን ሎሚ አማረኝ ብዬ ሾላ ገበያ ልኬዋለሁ። ትናንት ብርቱካን ነበር።»

«ነገስ?»

«ነገን ገና አላሰብኩበትም። ግን እስኪክሰኝ ብዙ ይቀረዋል።»