የጋሼ ኢንተር ፈተና

ሰውየው መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ ለከተማው ሰው ሁሉ ግን ጋሼ ኢንተር ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተፈታኞች ናቸው። እሳቸው ከኋላ ቆመው፣ ማስመሪያቸውን መዳፋቸው ላይ እየመቱ፣ አንዱ መስመር ጨርሶ ኢንተር የምትባለውን ቁልፍ ሳይነካ ሊያልፍ ሲል «ኢንተር!» ብለው ይጮኻሉ። ጩኸታቸው ታች ጎማ ጠጋኙ ድረስ ይሰማል።

ሥራቸው የዲጂታል ክህሎት ምዘና ማዕከል ዋና መዛኝ ነው። ተማሪም ሆነ ነርስ፣ ሾፌርም ሆነ የቢሮ ጸሐፊ፣ ኮምፒውተር እችላለሁ ያለ ሁሉ ጋሼ ኢንተር ካልፈረሙለት አይችልም። ይህን ወንበር እንዴት አገኙት ለሚል፣ የቅጥር ማስታወቂያው «በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ረጅም ልምድ ያለው» ይል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታይፕ አስተማሪ ነበሩ። ታይፑ ጠፋ፤ እሳቸው ግን አልጠፉም። የፈተናውን ጥያቄም መልሱንም ራሳቸው አዘጋጁና የሚያውቁትን ሁሉ አጨቁበት። ርዕስ መሃል ላይ እንዲውል ፊደሎቹን ቆጥሮ ለሁለት ማካፈል፣ ወገብን ቀጥ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስመር ባለቀ ቁጥር ኢንተር መምታት። በታይፕ ጊዜ ደወሏ ቅጭል ስትል እጀታውን ገፍቶ ወደሚቀጥለው መስመር መውረድ ግድ ነበር። ኮምፒውተር ራሱ እንደሚወርድ የነገራቸው ሰው የለም፤ ቢኖርም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል።

ውጤቱ በየቢሮው ታየ። ማዕከሉ የመሰከረለት ሠራተኛ የጻፈው ደብዳቤ ላይ አለቃው መሃል ገብቶ አንዲት ቃል ሲጨምር፣ መስመሩ ሁሉ ይሰባበርና አንዱ ረጅም አንዱ እንጥፍጣፊ ሆኖ ይወጣል። ስለ ውሃ ቆጣሪ የተጻፈ ማሳሰቢያ የፍቅር ግጥም መሰለ። አለቆቹ ደግሞ ይባስ ብለው ይህንን የሠለጠነ አጻጻፍ አድርገው ያዙት። መስመሩ ያልተሰበረ ደብዳቤ ይዞ የቀረበ ጸሐፊ «ይሄ በባለሙያ አልተጻፈም» ተብሎ ይመለስ ጀመር።

የፈተናው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ፕላስቲክ ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል። ፈተናው አብዛኛው በወረቀት ነው፤ ለተግባሩ አንዷ ብቻ ትገለጣለች። በሩ ላይ ጋሼ ኢንተር በእጃቸው የጻፉት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «የብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የማዕከሉን ኮምፒውተር መንካት በጥብቅ ክልክል ነው።» ታዲያ ተፈታኝ ሳይነካ በምን ይፈተናል ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልተገኘም። ሰው ሰርተፍኬቱን ነው የሚፈልገው፤ ነገር ምን ያደርግለታል?

ጋሼ ኢንተር አንድ ምስጢር ነበራቸው። ውጤት ወደ ሲስተሙ ማስገባት አይችሉም። የምታስገባላቸው ሴት ልጃቸው ናት። የፈተና ቀን ማታ ማታ፣ የምሳ ዕቃ ልትወስድ የመጣች መስላ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳቸው ያነባሉ፣ እሷ ትሞላለች። አንድ ቀን «አባዬ፣ የውጤቱ ቦታ ከመጀመሪያውም ብቁ ነው የሚለው። የወደቀ ሲኖር ብቻ ነው የሚቀየረው፤ አንተም ብታውቀው ጥሩ ነው» ብላቸው ነበር። እሳቸው በመስኮት መንገዱን እያዩ «እሺ፣ እሺ፣ ቀጥዪ» አሏት።

ይህችው ልጅ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ለመቀጠር ተወዳድራ አለፈች። ሆስፒታሉ ግን ሰኞ ጠዋት የዲጂታል ክህሎት ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እንሰጣለን አለ። በከተማው ያንን ወረቀት የሚሰጡት ደግሞ አባቷ ብቻ ናቸው። ሥራ ፈልጋ ጫማዋ ያለቀባት ልጅ፣ ቢያንስ በዚህኛው በር እንቅፋት የለብኝም ብላ እየሳቀች ደረጃውን ወጣች።

ጋሼ ኢንተር ተኮፍሰው ጠበቋት። ከጎናቸው የማዕከሉ ተቆጣጣሪ ተቀምጣለች፤ ያየችውን ከተማው ሁሉ ሳያውቀው የማታድር ሴት።

«ስም?» አሉ ልጃቸውን።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስሟን ከነአባቷ ነገረቻቸው።

«ተቀመጪና ይህንን ደብዳቤ ገልብጪ።»

ጣቶቿ ሲሮጡ ሌሎቹ ተፈታኞች ወረቀታቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር። መስመሩ አለቀ።

«ኢንተር!»

እሷ መጻፏን ቀጠለች።

«ኢንተር ነው እኮ የምልሽ!»

«አያስፈልገውም፣ ጋሼ። ራሱ ይወርዳል። አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚመታው።»

«ራሱ ይወርዳል? ማን ውረድ ብሎት?»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጅቷ መሃል ላይ አንድ ቃል ጨመረች፤ መስመሮቹ ቦታ እየተለቃቀቁ ተስተካከሉ። «ይኸው ይዩት። ከፈለጉ ደግሞ በእርስዎ መንገድ ልሥራውና ቃል ስጨምርበት ምን እንደሚሆን ይዩ» አለች።

«አያስፈልግም!» አሉ፤ ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮኸ።

አይተውታል። ጋሼ ኢንተር ብዙ ነገር ሊባሉ ይችላሉ፣ ዓይነ ስውር ግን አይደሉም። ያን ሁሉ የተሰባበረ ደብዳቤ ማን እንደሰባበረው በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ኢንተር ዘለልክ ብለው ደጋግመው የጣሉት የትምህርት ቤት ዘበኛ ፊት ድቅን አለባቸው፤ ሰውየው ሦስተኛው ፈተና ላይ አልቅሶ ነበር። ልጄ ትክክል ናት ካሉ፣ እሳቸው ምንድን ናቸው? ፈሩ። በጣም ፈሩ። ብዕራቸውን አንስተው ወረቀቷ ላይ «ብቁ አይደለችም» ብለው ፈረሙ።

ከዚያም ተቆጣጣሪዋ እንድትሰማ ጎላ አድርገው «እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ ዘመድ የለም፤ ደንብ ብቻ ነው ያለው!» አሉ። ተቆጣጣሪዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እንደ ሀፍረትም ሆነ እንደ ኩራት ሊወሰድ የሚችል ሙቀት ፊታቸውን ወረረው፤ እሳቸው እንደ ኩራት ወሰዱት።

ማታ ሌሎቹ ተፈታኞች ውጤታቸውን ሊወስዱ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለው ሳለ፣ ልጅቷ ተደውሎላት መጣች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

«የማንን ውጤት ነው የምሞላው?» አለች እሷም ሹክ ብላ።

«የሁሉንም።»

«የራሴንም?»

ጋሼ ኢንተር ማስመሪያቸውን አገላበጡ። ልጅቷ ጣቷን በሩ ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ዘረጋች።

«እኔ ፈቅጄያለሁ!» አሉ።

«እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ ዘመድ የለም ብለዋል እኮ፣ ጋሼ» አለችና ደረጃውን ወረደች።

በሩን ዘግተው ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር ተፋጠጡ። የይለፍ ቃሉን ልጅቷ ጽፋ ከቁልፍ ሰሌዳው ሥር ለጥፋላቸው ስለነበር፣ የቱን ልንካ እያሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ቅጹ ተከፈተ። ከሁሉም የከበደችውን አስቀድሜ ልገላገል ብለው በእሷው ጀመሩ። ስሟን ጻፉ። ቀጥለው የአባቷን ስም፣ ማለትም የራሳቸውን ጻፉ። መስመሩ አለቀ። የጮኸባቸው ሰው የለም፤ እጃቸው ግን የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና ራሱ ሄዶ ኢንተርን መታ።

«ተልኳል» አለ ስክሪኑ። «ከተላከ በኋላ ማረም አይቻልም።»

ወደ ውጤቱ ቦታ ገና አልደረሱም ነበር። እሱም እንደተፈጠረ፣ ብቁ እንዳለ ሄደ። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ያለው ማተሚያ ማጓራት ጀመረ።

የታተመውን ምስክር ወረቀት ያነሳችው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ ጮክ ብላም አነበበችው። የተፈታኟ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ውጤት ብቁ፣ የመዛኙ ስም። አባት ከላይ፣ አባት ከታች። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው በሩን ከፍቶ ገባ።

«ጠዋት ጥለዋት አልነበር እንዴ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«የእኛስ?» አለ አንድ ሾፌር። «የወጣው የልጅዎ ብቻ ነው?»

ጋሼ ኢንተር ሁለት መልስ ነበራቸው። አንዱ እውነቱ ነው፤ ይህንን ማሽን አልችልበትም፣ ያለቦታው ኢንተር መትቼ ነው። እሱን ለመናገር አልደፈሩም። ኮታቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ተነሡ።

«አዎ፣ አድልቻለሁ!» አሉ። «ልጄ አይደለችም እንዴ? የወለድኩትን ልጣል? ምን ታደርጉኛላችሁ?»

ምንም አላደረጓቸውም። እንዲያውም የሰዉ ፊት ፈታ አለ። «እሱስ አባት ነዎት» አለ ሾፌሩ። ተቆጣጣሪዋ ጠጋ ብላ «እኔ ደግሞ ጠዋት ጨካኝ መስለውኝ! ሰው እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለው» አለችና፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ የወንድሟ ልጅ በሚቀጥለው ዙር እንደሚፈተን ነገረቻቸው።

ቤት ሲገቡ ወረቀቱን ልጃቸው ፊት አኖሩት። ስሟንና ውጤቱን አነበበች።

«ስሜን ጽፈህ ስትጨርስ ኢንተር መታህ፣ አይደል?»

ጋሼ ኢንተር ጫማቸውን ማውለቅ ያዙ።

«ለሰዉስ ምን አልክ?»

«አድልቻለሁ አልኩ።»

ልጅቷ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «በቃ፣ ሰኞ ካርድ ክፍል ስገባ አባቷ ያሳለፋት ነው የምባለው። ችዬ እንደገባሁ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አንተ ብቻ ነህ፣ አባዬ። አንተ ደግሞ አትናገርም» አለች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

አባት አንገታቸውን ደፉ። የጫማቸው ማሰሪያ አልፈታ አላቸው። ልጃቸው ይቅርታ እስኪጠይቋት ጠበቀች፤ እሳቸውም የሆነ ነገር ለማለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ… አሁን ምስክር ወረቀት አለሽ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ነገ ብቅ ብለሽ የቀሩትን ብትሞዪልኝ፣ ክልክል የለውም።»